ግንቡን ማን አስነሳው

ይድረስ ለልጄ፣ አገሩ ሁሉ ግራኙ እያለ ለሚጠራህ፣ ለእኔ ግን ሁልጊዜም ልጄ ለሆንከው፤

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ያለ መስተዋት እላጫለሁ፣ መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማንንም ሳልለምን መሰላል አቁሜ እወጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ ቤቱን አይስትም። እንግዲህ ስለ ጤናዬ ጠይቀህ መልስ እንዳገኘህ ቁጠረው። ተራው የእኔ ነው። አንተስ እንደምን ከረምክ? የተሰበረችው ጣትህ ተጠገነች? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሚስትህ ያ ሳሏ ለቀቃት? ያቺ ተናጋሪ ልጅህስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? የአማትህ ጉልበት እንዴት ሆነ? ናፍቆቱን ተወው፤ እሱን ከጀመርኩት ወረቀቱ አይበቃኝም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከቡጢ ሻምፒዮኑ ከግንቡ ጋር እንድትጋጠም ውል እንዳቀረቡልህ፣ ፈርም ካልኩህ እንደምትፈርም፣ ተው ካልኩህ እንደምትተው የጻፍክልኝን መጀመሪያ በኩራት አነበብኩት። ቀጥሎ ለጎረቤቴ ለጎሚስታው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። በመጨረሻ ብቻዬን ካነበብኩት በኋላ ግን አጥፌ ትራሴ ስር ደበቅኩት። መልሴን ከመጻፌ በፊት ያየሁትን ልንገርህ። እስክትጨርሰው አትፍረድ፤ ሽማግሌው ጃጀ ብለህም ለሚስትህ አታንሾካሹክላት።

ግድግዳ የሚጋራን ጎሚስታ ቴሌቪዥን ካስገባ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ጎማ የተነፈሰበት ይመስል እዚያ ነው የሚውለው። የግንቡንና የረጅሙን ግጥሚያም ያየነው እዚያው፣ ጎማ ላይ ተቀምጠን ነው። አንተም ሳታየው አትቀርም። በስምንተኛው ዙር ረጅሙ በቀኝ እጁ ግንቡን ጆሮው ስር አገኘው፤ ሻምፒዮናችንም እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎኑ ተጋደመ። ዳኛው ቆጠረ፣ ግንቡ ተነሳ። በቀጣዩ ዙር የማብቂያው ደወል ተደውሎ፣ ረጅሙ እጁን አውርዶ ወደ ወንበሩ ሊዞር ሲል፣ ግንቡ አገጩ ላይ ቡጢ አሳረፈበት። ረጅሙ በሰው ትከሻ ወጣ። ዳኛውም ከጩኸቱ ብዛት ደወሉ አልተሰማም ብሎ የግንቡን እጅ አነሳ። ቀበቶው እዚያው ቀረ፣ ጠቡ ግን እኛ ሰፈር መጣ።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈም። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ የሚገባ ሰው ሌባ እንጂ ደንበኛ አይባልም፣ ከደወል በኋላ የተሰነዘረ ቡጢም እንደዚያው ነው ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የግንቡ ጠበቃ ነው፤ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ ስጠራህ አትሰማም፣ እሱ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጩኸት መሃል ደወል ለምን አልሰማም ትላለህ?» ይለዋል። ጎሚስታው ጎማ እየፈታ በመሃል ይገባል፤ ዳኛው እንቁላል ነው እንዴ የሚቆጥረው፣ እኔ እስከዚያ ድረስ አንድ ጎማ ፈትቼ እገጥም ነበር ይላል። ሲደክማቸው ወደ ቀጣዩ ተጋጣሚ ይዞራሉ። የረጅሙ መንጋጋ ስለተሰበረ ለከርሞም ጓንት አያጠልቅም፤ ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ነው። ልብስ ሰፊው በዓይኑ ለክቶ፣ «አባባ፣ አይቀየሙኝ፣ የእርስዎን ልጅ ሁለት ጊዜ አጥፌ ግንቡ ውስጥ ገበር አድርጌ እሰፋዋለሁ» አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ጠበቃነቱን ትቶ፣ ግንብ የሚፈርሰው ከማዕዘኑ ነው፣ ያቺን ግራ እጅ አላየሃትም አለው። እኔ በሬው ገበያ ላይ እንደሚወደስለት ሰው ተኮፈስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጎሚስታው ግጥሚያውን በካሴት ቀድቶታል። ጎማ መንፊያው ሲጮህ ምንም ስለማይሰማ ድምፁን አጥፍተው ነው የሚያዩት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳና ግንቡ ወለሉ ላይ እንደተኛ አፉ ይንቀሳቀሳል እኮ፣ አባባን ጥሩልኝ፣ እሳቸው አፍ ያነባሉ አለ። እናትህ በልጅነቷ በትኩሳት ጆሮዋ ተዘግቶ በዓይኗ ትሰማ እንደነበር፣ እኔም አርባ ስምንት ዓመት ከእሷ ጋር ያለ ድምፅ ሳወራ ኖሬ አፍ ማንበብ እንደለመድኩ ሰፈሩ ያውቃል። ተጠርቼ መጣሁና ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋሁ።

ግንቡ በጎኑ ተኝቷል። ዳኛውን አያይም፣ አሰልጣኙንም አያይም። ዓይኑ ከገመዱ ስር፣ የውኃ ባልዲው ከተቀመጠበት ማዕዘን ላይ ተተክሏል። እዚያ ባልዲና እርጥብ ፎጣ አለ እንጂ ሰው የለም። ግንቡ ግን አፍ አይቶ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው፣ የሚነገረውን ቃል በከንፈሩ እየተከተለ ይደግማል። አንድ ጊዜ አሳዩኝ አልኳቸው። ድገሙልኝም አልኳቸው። ልጄ፣ የሚለው «ተነስ፣ ወለሉ ብርድ ነው» ነው።

ይህን ቃል ከእኔና ካንተ በቀር ማን ያውቀዋል? አንተ ገና ጀማሪ ሳለህ በወደቅክ ቁጥር እናትህ ከገመዱ ስር፣ ከባልዲው አጠገብ ሆና፣ ሌላው ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ እሷ ያለ ድምፅ የምትልህ ይችን ብቻ ነበር። ተመታ አትልም፣ ተሸነፈም አትል፤ ብርድ እንዳይመታህ ብቻ ነበር የምታስበው። ይኸው ከተለየችን አራት ዓመት አለፈ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ትለኝ ይሆን ብዬ ባዶ ወንበር ላይ አፍጥጬ ስኖር፣ እሷ ሄዳ የሰው ልጅ ታስነሳለች! እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የያዘኝ ቅናት ነው። ፍርሃቱ ኋላ ነው የመጣው።

ሰዎቹ ምን አለ ብለው ሲያፈጡብኝ፣ ከዳኛው ጋር አብሮ እየቆጠረ ነው አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን መታ፤ «ይኸው! ልቡናው እንዳለ ነው፣ ተራውን እየጠበቀ ነው፣ የሚገባው ድል ነው!» አለና ልብስ ሰፊውን አፉን አስያዘው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልበረደ ክርክር በእኔ ውሸት ተፈረደ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል። እናትህ ስትፈልገኝ ወለሉን በተረከዟ መታ መታ ታደርግ እንደነበር አትረሳም። አሁን በጠራራ ፀሐይ በሩን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ለጓዳው ሰጥቼ ስቀመጥ፣ ጣውላው ከእግሬ ስር እንደዚያው መታ መታ ይላል። የጎሚስታው መዶሻ ነው ብዬ ነበር። ጎሚስታው እሁድ አይሠራም፤ ጣውላው ግን እሁድም አያርፍም። ዞሬ አላይም። ብቻ ፊቴን ወደ ደጅ እንዳደረግኩ በከንፈሬ ምን ፈለግሽ እላለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት አፌን እንደማታየው ትዝ የሚለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ግንቡን በቴሌቪዥን ሲጠይቁት አየሁት። ከፊቱ ያለው ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ግንቡ የሚያየው የጋዜጠኛውን ዓይን ሳይሆን አፉን ነው። ከጎኑ የቆመችው ሴት ብትጠይቀው፣ ብትደግምለት፣ ዝም። ሰው ሲስቅ እሱ ከሁሉ ኋላ ይስቃል። እነ ልብስ ሰፊው አቤት ኩራት አሉ። እኔ ግን ከእንዲህ ያለ ከኋላ የሚመጣ ሳቅ ጋር ዕድሜዬን ኖሬአለሁ። ሰውየው አይሰማም። ያ የጆሮ ስር ቡጢ ጆሮውን ይዞበት ሄዷል። ደወሉን ያልሰማውም በጩኸት አይደለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ መጣ። ቀበቶውን ለአድናቂዎቹ ሊያሳይ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ከመንገዱ ሁሉ እኛው ደጅ ሲደርስ የመኪናው ጎማ ተኛ። ጎሚስታው ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪውን አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ አገላብጦ፣ ጨምቆ አየው፤ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ቀዳዳ የሌለው ጎማ ሲተነፍስ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገ። ልብስ ሰፊው ሌባ ሲለው የከረመውን ሰው፣ ጌታዬ ካልተቸኮሉ ወገብዎን ልለካዎት እያለ ይሽቆጠቆጣል። ሌላው ይነካዋል፣ ያጨበጭባል፣ ደወሉን ሰምተሃል አልሰማህም እያለ ከጀርባው ይጮህበታል። እሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ ለሁሉም ፈገግ ይላል።

ፊት ለፊቱ ቆምኩና ድምፄን ሳላወጣ እንደማትሰማ አውቃለሁ አልኩት። ያ ሁሉ ሰውነት ቀጥ አለ። «ማን ነገረዎት?» አለኝ፣ እሱም ያለ ድምፅ። ሰዉ ዙሪያችንን ይንጫጫል፣ እኛ ከውኃ በታች እንዳለ ሰው እናወራለን። ከገመዱ ስር ማንን ነበር ያየኸው አልኩት። አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ እጇን ባልዲው ጠርዝ ላይ ያደረገች አለኝ። ባለቤቴ ናት አልኩት። ያን ጊዜ ዓይኑ ከእኔ ትከሻ በላይ አለፈና ከንፈሩ መከተል ጀመረ። ሹራብህን ገልብጠህ ነው የለበስከው ትልዎታለች አለኝ። አየሁት፤ ስፌቱ በውጭ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ ሊያየው ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን ዓይን ያለው ሁሉ ለእኔ ሊነግረኝ አይደፍርም፤ ከጠዋት ጀምሮም ማንም አልነገረኝም።

እንግዲያውስ ብዬ በእሱ በኩል ስላንተ ጠየቅኳት። ልጃችን ካንተ ጋር ይጋጠም ወይ በልልኝ አልኩት። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ያ ትልቅ ፊት እንደ ሕፃን ሆነ። «አትመልስም፤ ያንኑ ነው የምትለው። ተነስ፣ ወለሉ ብርድ ነው ትላለች። እኔ እኮ ተነስቻለሁ አባቴ። የምታየውም እኔን አይደለም። ለማን ነው የምትለው?» አለኝ። ዞሬ አላየሁም። ኩራተኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፣ ግን የኩራት ጉዳይ አልነበረም፤ ያን ቃል ከዚህ በፊት ለማን ትለው እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ጓደኞቹ ብድግ አድርገው ሲወስዱት ዝም ይበሉልኝ አለኝ። አልማልኩለትም።

መልሴ ይኸውልህ፤ አትፈርም። በእናትህ የተነሳ ብቻ አይደለም፤ እሷም በሕይወት ሳለች ብዙ ጊዜ ትሳሳት ነበር፣ በተለይ ከእኔ ጋር ስትከራከር። ነገሩን በልብህ አስበው። የማይሰማ ሰው ዳኛው በቃ ሲለው አያቆምም፤ ወድቀህም ቡጢው ይከተልሃል። አለዚያም የዳኛውን አፍ ለማየት ፊቱን ዞር ያደርጋል፤ ያኔ ያ የታመመ ጆሮ ለግራ እጅህ ተሰጠ ማለት ነው። ወይ አንተ ከዚያ ወለል አትነሳም፣ ወይ እሱ አይነሳም። አንተ ደግሞ አፍህን እያየ የሚጠብቅህን ሰው መምታት አትችልም። በእናትህ ስትቆጣ እንኳ ፊትህን አዙረህባት አታውቅም ነበር፤ ለእሷ ፊት ማዞር በር መዝጋት መሆኑን ገና በልጅነትህ ገብቶህ ነበርና።

ቀበቶው ያምርብህ ነበር። ይህን ስጽፍ ጥርሴን የሚነቅሉኝ ያህል ነው። ሰዎች ፈራ ይሉሃል፤ አባቴ ከለከለኝ በላቸው። በእኔ ላይ ይጩኹ፤ የእኔ ጆሮ ገና ጤነኛ ነው።

ለሚስትህ ሰላምታዬን ንገራት፤ በዚህ ደብዳቤ እሷ ከሁላችንም በላይ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ፣ ደስታዋን አንተ ፊት እንዳታበዛው ግን ምከራት። ተናጋሪዋን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአማትህ ጉልበታቸውን በሞቀ ጨርቅ እንዲይዙ፣ ደረጃም ቀስ ብለው እንዲወርዱ፣ እኔ ግን በዕድሜ ብበልጣቸውም መሰላል እንደምወጣ ንገርልኝ።

የቀረው የእኔ ዕዳ ነው፤ ማንም እንዳይከፍልልኝ። ለጎሚስታ ቤቱ ሰዎች እውነት አለብኝ፤ ግንቡ አይቆጥርም ነበር፣ ዋሽቻችኋለሁ እላቸዋለሁ። ያለውን ግን አልነግራቸውም፣ እሱ የቤታችን ነው። ለረጅሙ አንድ ወረቀት አለብኝ፤ በተንኮል እንዳልተመታ ማወቅ ይገባዋል። ለግንቡ እናት አንድ የአውቶቡስ መንገድ አለብኝ። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ልጅዎ አይሰማም እላቸዋለሁ፤ ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ቀስ ብለው እንዲያናግሩት አሳያቸዋለሁ፤ ጓንቱን እንዲያወልቅ እሳቸው ይንገሩት። ከእናትህ ጋር ያለኝ ሂሳብ ደግሞ አለ፤ እኔን ባዶ ቤት ትታ ባዕድ ያስነሳችበት። እሱን እሷ ዘንድ ስደርስ እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ። አንተ በባልና ሚስት መሃል አትግባ፤ ቀድመኸኝም ሄደህ እንዳትጠይቃት።

አባትህ

ከጎሚስታው ጎን ካለው ቤት
ማክሰኞ ከቀትር በኋላ