ያልተመሳሰለው ፊርማ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ አለን፤ ኢሚግሬሽን ቢወድም ባይወድም እንኖራለን።

የእጮኛዬንና የወላጆቿን የጉብኝት ቪዛ ዛሬም ከለከሉኝ። ጥፋታችን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የግብዣው ደብዳቤ ላይ ያለው የአባባ ፊርማ አምና ካስገባነው ደብዳቤ ፊርማ ጋር አይመሳሰልም! መስኮቱ ላይ ያለችውን ሴትዮ፣ «የገዛ አባቴን ፊርማ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?» ብዬ አፋጠጥኳት።

አባባ «እስክሪብቶው ነው» አሉ። ሦስት ገዛሁላቸው፤ ሦስቱንም ሰደቧቸው። ከሰዓት አዲስ ደብዳቤ አስፈረምኳቸው። ወረቀቱን እኔ ያዝኩላቸው፤ እስክሪብቶውን እሳቸው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ቢመልሱኝም እስኪሰለቹኝ እመላለሳለሁ። እጮኛዬ ከነወላጆቿ በዚህ በር ትገባለች፣ አለቀ!

አንቺ ግን እታለም፣ ቪዛ አያስፈልግሽም። ሰርጉን ሳትጠብቂ ነይና አባባን እያቸው።

ከነንዴቱ የሚስምሽ
ወንድምሽ