ከፋሲካ በፊት እንዳልከስር

ዊልስደን፣ ለንደን
መጋቢት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአልታየሽ ተክለአብ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ታምሜ አልተኛሁም፤ ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰው አስጽፌ እንዳልልክልሽ ነገሩ ጆሮ የሚበዛበት አይደለም። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ያልገባሽን ደግመሽ እዪው።

ስትደውዪ ስልኩ የማይነሳው ስለተቆረጠ ነው። ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ለዚህኛው ጊዜ አልሆነልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ዕዳ አለብኝ። የሰው ዕዳ አይደለም፣ የካርድ ነው። እዚህ አገር ባንኮች ማንም ሳይለምናቸው ክሬዲት ካርድ የሚሉትን በፖስታ ይልካሉ። አንዱ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላው መጣ። የእናትሽ ሕመም ሲጠና የመኪና ማቆሚያውን ጥበቃ ትቼ አልጋዋ አጠገብ መዋል ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ የሚባል አላየሁም። ካውንስል የሚሉት የሰፈሩ አስተዳደር የሚሰጠኝ ለዳቦና ለመብራት ነው፤ የጎደለውን ካርዱ ሞላው። የአንዱን ወለድ ከሌላው እያወጣሁ ስከፍል፣ አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ሰው ሆንኩ።

ኤልፍነሽን በስም ታውቂያታለሽ። እናትሽ ከእሷ ጋር ቢሮ ታጸዳ ነበር። እናትሽ ስታርፍ የአገሬን አፈር አልብሱኝ ብላ ነበር፤ ካርዶቹ ግን ሞልተው ነበር፣ ዕድሩ ያዋጣውም አልበቃም። ኤልፍነሽ የዚያን ወር የእቁብ ዕጣ ደርሷት ነበር። አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። «ሮማንወርቅ እዚህ ብርድ ውስጥ አትቀርም» ብቻ ነው ያለችኝ። አንቺ እናትሽን የቀበርሽው በዚያ ገንዘብ ነው።

ታዲያ የባንኮቹ ነገር ሲብስብኝ ሰዎች ባንክራፕሲ ግባ አሉኝ። ፍርድ ቤት ሄደሽ ከሰርኩ ብለሽ ትምያለሽ፣ ያለሽን ይወስዱና ዕዳሽን ይሰርዙልሻል። ለመክሰርም ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እኔ ግን ከመማሌ በፊት የኤልፍነሽን ልመልስ አልኩ። ከቀብሩ በኋላ በፖስታ በመጣልኝ የመጨረሻ ካርድ ላይ የቀረችውን ጥርግ አድርጌ በጥሬው አወጣሁና ጥቅምት መግቢያ ላይ ቤቷ ወስጄ ሰጠኋት። ስመለስ እንደ ልጅ እግር ቀና ብዬ ነው የሄድኩት። እሷም በገንዘቡ ልጇን ኪዲን ከካርቱም አስመጣችበት።

ከዚያ በኋላ ነው በነጻ ምክር የሚሰጡበት ቢሮ የሄድኩት። መካሪዋ እንግሊዝ ናት። የምታስተረጉመው ሰሎሜ የምትባል የኛው ልጅ ናት፤ እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

«አባባ፣ አፕላይ ከማድረግዎ በፊት ለማንም ፔይ አድርገዋል?» አለችኝ።

«ለኤልፍነሽ። ሳንቲም ሳላጎድል» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

እንግሊዟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለቱ ተነጋገሩ።

«አባባ፣ ሕጉ ያበደሩዎትን ሁሉ እኩል ነው የሚያየው። እርስዎ አንዷን መርጠዋል።»

«መርጫለሁ። ባንኩ ለቅሶ ደርሷል?»

«እሱን አይጠይቁም እኮ።»

«ይጠይቁ እንጂ። ሬሳ ተሸክሟል? ለሠልስት ንፍሮ ይዞ መጥቷል?»

ሰሎሜ ሳቋን በእጇ ያዘችው። ለእንግሊዟ ተርጉሚላት ብላት እምቢ አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ስከስር ንብረቴን የሚረከበው ሹም ስድስት ወር ወደ ኋላ ያያል አለች። በዚያ መሐል ለአንዷ አድልቼ የከፈልኩትን ከራሷ ከኤልፍነሽ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለሁሉም ሊያካፍለው። እንደማልከፍል እያወቅሁ ከካርዱ ማውጣቴም ለእኔ ለራሴ ጥሩ አይደለም አለች። ስለ ራሴ አልሰማኋትም።

«ከእኔ ይውሰድ» አልኳት።

«ከእርስዎማ ምን አለ፣ አባባ?»

አየሽ ልጄ፣ ብድሯን መልሼ ባለ ዕዳ አደረግኋት። ገንዘቡ የለም፣ ልጅ ሆኖ መጥቷል። ከየት ታምጣው?

ስድስት ወሩ የሚሞላው በፋሲካ ዋዜማ ነው። ስለዚህ እስከ ፋሲካ አልከስርም ብዬ ተነሳሁ። ሰሎሜ «ይጠብቁም አይጠብቁም አልልዎትም፣ ይህን ሲሉ እኔ አልሰማሁም» አለችና ወረቀቷን ሰበሰበች።

ይኸው ከዚያ ጀምሮ በሬን ዘግቼ እውላለሁ። ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ይመጣሉ። እዚህ አገር ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት። በሩን እየደበደቡ «ሚስተር እንግዳወርቅ፣ ዕዳህን ክፈል» ይላሉ። አባቴ የሰው ቁና ገብስ ሳይበደር የሞተ ሰው፣ ለንደን ላይ በየቀኑ ዕዳ ይጠየቃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን ለምዶታል። መጀመሪያ ሰሞን ከፍቼ «እሱ ሞቷል» አልኩት ሰውዬውን። የምሬን ነው። ሰውዬው የሞቱን ማስረጃ አምጣ አለኝ።

ጾሙ ጠቅሞኛል። ለምን ከሳህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ጾም ነው እላለሁ። ማሞቂያውን ዘግቼ ጋቢ ደርቤ እውላለሁ፣ አይከብደኝም። የከበደኝ ኤልፍነሽ ናት። ፊቴን አይታ እንዳታውቅብኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። የዛሬ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣች። አንኳኳች፤ አልከፈትኩም። በሩ ላይ ደብዳቤ የሚጣልበትን ቀዳዳ በጣቷ ገፋ አድርጋ አጎነበሰች።

«ጋሼ ተክለአብ፣ እግርዎ ይታየኛል።»

ቀና ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ካልሲዎ ተቀዷል።»

እግሬን ሰበሰብኩ።

«አሁን ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ሮማንወርቅ ብትኖር በዚህ ካልሲ ትተዎት ነበር? በሉ ይክፈቱ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ።»

«ተኝቻለሁ» አልኳት።

«ቆመው?»

እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምን በደልኩዎት? ገንዘቤን መለሱልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ጠፉ። ወዳጅነታችንም በዚያው ተዘጋ ማለት ነው?»

ይህን ስትል እጄ የበሩ መያዣ ላይ ነበር። ብከፍት እነግራታለሁ። ብነግራት ተበድራም ቢሆን ገንዘቡን ታመጣዋለች፣ ወይም ኪዲን ከትምህርት ቤት አውጥታ ሥራ ትሰዳታለች። አውቃታለሁ። እጄን አወረድኩ። ሳህኑን ደጃፍ ላይ ትታልኝ ሄደች። ሽሮውን ቆሜ በላሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ዕለት ከሱቅ ስመለስ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ ጠብቆ ስሜን ጠየቀና ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። ዛሬ ሰሎሜ አነበበችልኝ። አንደኛው ባንክ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልከፈልኩ እሱ ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ ያከስረኛል። እኔ ሳልጠይቅ። ሦስት ሳምንቱ የሚያልቀው በሆሳዕና ዋዜማ ነው። ባንኩ ከቀደመኝ ስድስት ወሩ ሳይሞላ ተያዝኩ ማለት ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ኤልፍነሽ ላይ ይገባል።

ትንሽ ነገር ብሰጣቸው ይታገሡ ይሆናል አለች ሰሎሜ። ይሆናል ነው ያለችው። የእናትሽን የስፌት መኪና ሸጥኩ፤ ለመክሰሪያው ያስቀመጥኩትንም ጨመርኩበት፤ አልበቃም። የቃል ኪዳን ቀለበቴን አምና በሳሙና ብሞክረው ከጣቴ አልወጣም ነበር። ዛሬ ያለ ሳሙና ወጣ። ይህን ለእናትሽ በሕልምሽም እንዳትነግሪያት። የጌጥ ሱቁ ሰውዬ የሚሰጠኝ ግን ትንሽ ነው፤ ግማሹ ይጎድላል። ሌላ የምሸጠው ነገር ቤቱን ዞሬ አጣሁ። አልጋ፣ ወንበር፣ የእናትሽ ፎቶግራፍ። ይኸው ነው። ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ብቻ ነው። አባት ለልጁ ይልካል እንጂ ልጅ ለአባቷ አትልክም፣ በእኔ ዘመን አላየሁም። ልጆቹን እስካሁን ያስተማርኩበት ደግሞ ከካርዱ እንዳይመስልሽ። እሱ ከደመወዜ ነው። ባልሽም ከጠየቀሽ እንዲሁ በዪው። ልጆቹ ሲሰሙ ስለ ዕዳ አታውሪ፤ ትምህርታቸውን በደስታ ይማሩት፣ የተከፈለበት ነው። ለኤልፍነሽም አንዲት መስመር እንዳትጽፊላት፣ ከጻፍሽ ተቀየምኩሽ።

እናትሽን በአገሯ ያሳረፈ አምላክ ደጃፍሽን ያሙቀው። የሰው ፊት አያሳያችሁ። ልጆችሽ ዕዳ ያልነካው እንጀራ ይብሉ፣ በአያታቸው ስም የሚጠራቸው ሁሉ በክብር ይጥራቸው። አሜን።

አባትሽ
ተክለአብ እንግዳወርቅ

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ገብረ መድኅን ይባላል፣ እዚሁ ለንደን ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። እናቱን ሊጠይቅ ነው ወደዚያ የመጣው፤ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል። ምሳ አብዪው። ምንም ነገር እንዳትሰጪው፣ እሱም እንዳይቀበልሽ ነግሬዋለሁ። እስኪመለስ የሚያድረው ጉለሌ እናቱ ቤት ነው። ባለ አደራ ሰው ነው፣ የሰጡትን አያጎድልም።