አሚን እስኪባል

ውድ ሬድዋን፣

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው፤ አትኩራበት። የምጽፍልህ ትናንት አጋሮ፣ በእህቴ በመድና ሠርግ፣ በኒካሁ ላይ ማን እንደመረቀ ከእኔው እንድትሰማ ነው።

እናንተ ሰፈር ሄርማታ፣ በወንድምህ ኒካህ የሆነውን አልረሳህም። ያኔ እጮኛዬ ነበርክ። አባቴ አባቦራ ሲመርቁ «አላህ ድህነትን፣ በሽታን...» ብለው ቆሙ። መራቂ ሲያርፍ አሚን ማለት የለመደው ቤት በሙሉ «አሚን!» አለ። «...ያርቅላችሁ» ያሉት ከዚያ በኋላ ነበር።

አክስትህ «ወላሂ፣ ለበሽታው አሚን አስባሉን!» ብለው ሳቁ። አንተ ግን በር ላይ ይዘኸኝ «አባትሽ ጠጥተዋል» አልከኝ። በዕድሜያቸው መጠጥ ቀምሰው የማያውቁትን ሰው! ወሬው አጋሮ ደረሰና ከዚያ ወዲያ ለምርቃት የጠራቸው የለም።

እኔ የተማርኩት የንግግር ሕክምና ነው። ስካር እንዲያ አይደለም። አያቴም አልጋ ላይ ሳይውሉ በፊት አነጋገራቸው እንዲሁ ይቆራረጥ ነበር። አባባን እጃቸው ገና ሳይንቀጠቀጥ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ምርመራው በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ መሆኑን አሳየ። ይህን ስትሰማ ቀለበትህን በሰው አስመለስክ። «ስካር ቢሆን ይሻል ነበር» ማለትህንም ነግረውኛል።

አዎ፣ እኔም የመያዝ ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነው። የምመረመረው እኔ በፈለግኩ ቀን ነው። የምደበቅበት ቀን ግን የለም።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ሌላ መራቂ ሊያስነሱ ሲሉ ቀድሜ ተነሳሁ።

«የአባቴን ንግግር ያዘገየው በሽታ ነው። ዛሬ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። እጄን ሳላነሳ አሚን የሚል እንዳይኖር!»

«ደሞ ለአሚን ሴት ልጅ እናስፈቅድ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ለዛሬ ብቻ፣ አባ። ከለመዱት ነገም አይከፋም።»

ሳቁና ተቀመጡ።

አባባ ጀመሩ። «አላህ ለመድና ጤናን፣ ልጅን...» ቆሙ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው እጄን አየ። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። «...ይስጣት።» እጄን አነሳሁ። እንዲያ ያለ አሚን ሰምቼ አላውቅም። አባባ ቀና አሉ፤ ድሮ የማውቃቸው መራቂ ተመለሱ።

በመጨረሻ «ሬድዋንንም አላህ...» ብለው ቆሙ።

ሁሉም ታሪካችንን ያውቃል። መድና በዓይኗ ጠየቀችኝ። ቀጥለው ምን እንደሚሉ እኔም አላወቅኩም። ጠበቅን።

«...ልቦና ይስጠው።»

እጄን ከሁሉም ከፍ አድርጌ አነሳሁ። አሚኑ ከሳቅ ጋር ድንኳኑን አናወጠው።

ሄርማታ ድረስ ካልተሰማህ፣ ይኸው በጽሑፍ ልኬልሃለሁ።

የአባቦራ ልጅ፣
ማሂራ