ስለ ልጄ ጣትና ስለ አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጣቶችዎስ? አሥሩም ሳይጎድሉ ጧት ጧት የሸሚዝዎን ቁልፍ እንደሚቆልፉልዎ ተስፋ በማድረግ፣ እኔ ከገበያው ጀርባ ብረት በመበየድ የምተዳደረው፣ የሰባተኛ ክፍሏ ተማሪዎ አባት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። የልጄን ዩኒፎርም የምቆልፈው ሰሞኑን እኔ ነኝ።

ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች ለይቶ የሚያወጣ ፈተና ማዘጋጀትዎን ስሰማ እንደማንኛውም ወላጅ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄም ተለይታለች፤ ቀኝ እጇ ላይ ባለው ጀሶ ከሩቅ ትለያለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ጎኖቹ ሦስት፣ አራትና ዘጠኝ የሆኑ ሦስት ማዕዘን ስፋቱ ስንት ነው የሚል ነበር። ልጄ ከምርጫዎቹ አንዱንም ሳትከብ፣ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ተዘርግተው እንኳ እንደማይገናኙ በሥዕል አስረድታ፣ ጥያቄው መልስ የለውም ብላ ጻፈች። እኔም ሦስት ቁራጭ ብረት አስቀምጬ ሞክሬዋለሁ፤ አይገጥምም። ከስድሳ ተፈታኞች ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት። የሒሳብ መምህሩ ግን ምላሷ ረዝሟል፣ መምህር ልታርም ተነሥታለች ብለው፣ በጆሮዋ ከወንበሯ ነቅለው ሰሌዳው ፊት ካቆሟት በኋላ እጇን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው በብረት ማስመሪያ መቷት። ጓደኞቿ ቆጥረዋል፤ ሰባት ነው። በአራተኛው የመሐል ጣቷ ሲሰበር ድምፁ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰምቷል፤ ሦስቱ የተጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው ቀይ ሁሉ እርማት እንዳይመስልዎ።

ሁለተኛ። ያንን ማስመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። አምና ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሚያሰምሩበት ጠፋ ብለው ሲልኩብኝ፣ ለልጆች ነው ብዬ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ አስረከብኩ። ጣቷን ስላልቆረጠው፣ ስለሰበረው ብቻ፣ ሥራዬ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ። ቢሮዎ አስጠርተው ነገሩን በጥሞና መርምረውልኛል። ጥያቄው ስህተት መሆኑን አምነው፣ ልጅቷ ግን ትሑት ብትሆን ኖሮ አንዱን ከብባ ታልፍ እንደነበር አስረዱኝ። ተሰጥኦ ያለው ተማሪ የሚታወቀው ዝም ብሎ በመቀመጡ መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ። በዚህ መለኪያ መቃብር ቦታ ሁሉ በሊቃውንት የተሞላ ነው። ደሜ ፈልቶ በማግሥቱ መዶሻ ይዤ በርዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ የሒሳብ መምህሩን ጣቶች አንድ በአንድ ላደቅ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ያዳናቸው ጥበቃው ሳይሆን ልጄ ናት፤ በደህና እጇ ቀበቶዬን ይዛ እስከ ቤት ጎተተችኝ።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። ልጄ አሁን አውቃ ትሳሳታለች። ትክክለኛውን መልስ በግራ እጇ ትሠራና ታጠፋዋለች፤ ከዚያ ሌላ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት ከመቶ ሃምሳ ሁለት ስታመጣ ጠባይዋ መሻሻሉን የሚገልጽ ወረቀት ፈርመው ላኩልኝ። ማታ ስንት ብታመጣ እንደማትመታ ጠየቀችኝ። ጣቷ ይድናል ብሎኛል ሐኪሙ፤ ይህኛው ግን በጀሶ አይጠገንም።

ስለዚህ ሰኞ ጧት ሰልፍ ላይ፣ ተማሪ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ልጅቷ ልክ ነበረች የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፍዎ እንድትወጣ፣ መምህሩም ዳግመኛ ክፍሏ እንዳይገቡ በትሕትና እለምንዎታለሁ።

ለሰባቱም ምት ባለውለታዎ ሆኜ የምቀር፣
የተማሪዎ አባት፣ በያጁ

ማስታወሻ፦ የብየዳ ብርሃን ዓይኔን ስላደከመው ይህን ደብዳቤ እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ልጄ ናት። እህቴ መልሳ ስታነብልኝ ስድስት ቦታ ያላልኩትን ስህተት አስገብታበት አገኘን። እንድታርመው ብንለምናት እምቢ አለች፤ እንከን የሌለው ወረቀት እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ስህተቱን እህቴ አስተካክላለች። ለዚህ የሚመታ እጅ ካስፈለገ የእኔን ይውሰዱ፤ ሱቄ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።