ከልጄ ጣት ቀድሞ ስለሚጽፈው ፕለጊን

ለተከበሩ አቶ ፊሊጶስ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ላለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ስድስት ፎቅ የሚወጣው ጉልበትዎ እንዲጸናልዎ እየጸለይኩ፣ ፊደልን በጎልማሳነቴ ለብቻዬ የቆጠርኩ የጉርድ ሾላ መበለት ሆኜ በአደባባይ ልጽፍልዎ ስለደፈርኩ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

፩ኛ. ልጄ እንቁ ኮድ በምትጽፍበት ፕሮግራም ላይ፣ ሁለት ፊደል ሲነኩለት የመስመሩን ቀሪ በግራጫ ቀለም የሚያቀርበውን፣ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑም ራሱ የሚሞላውን ፕለጊን የተባለ ተቀጥላ የጫነላት ማሠልጠኛዎ ስለሆነ አመሰግናለሁ። አስተማሪዎቿም «ታብን የማይጫን ከኤሊ ጋር ይሄዳል» እያሉ ስላበረታቷት ውለታቸው አይረሳኝም።

፪ኛ. በፈተናው ቀን ያንኑ ፕለጊን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት ረስታችሁ፣ እጇ እንደለመደው ታብን ስለነካች «አጭበርባሪ» ተብላ መባረሯ ፍትሕዎን የሚያስመሰግን ነው። ማጥፋቱን የረሳው ሰው ከሥራው አለመነሣቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እርሱም የእናት ልጅ ነው።

፫ኛ. ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለምና። ቢሮዎ ያስጠሩኝ ዕለት እንቁ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እኮ...» ብላ ስትጀምር፣ እኔ ቀደም ብዬ «አጥፍታለች፤ ስለ ጌታ ብለው ይማሯት» አልኩ። እርስዎም እንደ እምነት ቃሏ ቆጠሩት። ልጄ አንዴ አየችኝና ዝም አለች። ሟች ባለቤቴ ላጲሶ አንደበቱ ይያዝ ነበር፤ ሰው ፊት እንዳያፍር እያልኩ የጀመረውን ሁሉ እጨርስለት ነበር፤ ኋላ ላይ መጀመሩንም ተወው። ያንን ዝምታ በልጁ በእንቁ ፊት ላይ አየሁት።

ስለዚህ ቢሮዎ ውስጥ የተነገረው ቃል የእኔ እንጂ የእርሷ አለመሆኑን በዚህ ደብዳቤ አስታውቃለሁ። የምለምንዎ ምሕረት አይደለም፤ እንቁ የጀመረችውን እስክትጨርስ እንዲሰሟት፣ ከዚያም ፕለጊኑ በጠፋበት ኮምፒውተር እንደገና እንዲፈትኗት ነው። እኔ ደጅ እቀመጣለሁ፤ አፌንም እይዛለሁ።

ከስድስተኛው ፎቅ በታች ቆሜ አንጋጥጬ እጅ የምነሣ፣
ወርቄ ማሞ፣ የእንቁ ላጲሶ እናት

ማሳሰቢያ፦ እንዳይጠራጠሩ፣ በድጋሚ ፈተናው ቀን የታብን ቁልፍ ከእንቁ ኪቦርድ ላይ ነቅለው ቢያስቀምጡት አይከፋንም። እግረ መንገድዎን ከራስዎም ኪቦርድ ላይ ይንቀሉት፤ ያን ዕለት ልጄ አፏን ሳትከፍት የማባረሪያዋ ደብዳቤ ታትሞ፣ ማኅተሙም አርፎበት ጠረጴዛዎ ላይ ይጠብቀን ነበርና።