የቱርጁማኑ ጉሮሮ

አዳማ፤ ዓርብ፣ የካቲት ፩ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.፤ ከቀኑ ፱ ሰዓት

በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ማር ላስኩ። ዝንጅብል አኘክሁ። ምንም ለውጥ የለም፣ ደብተሬ። ዛሬም ችሎት ላይ ድምፄ ጠፋ። ዳኛው በአማርኛ ጠየቁ፤ እኔ ለባለጉዳዩ ለሽማግሌው ለኦቦ ገመዳ በኦሮምኛ ላቀብል አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሰው ሳቀ። ዳኛው ተቆጡ፤ ድምፅ የሌለው ቱርጁማን ምን ይሠራልኛል አሉ። ነገሩ ለረቡዕ ተቀጠረ። ሰባት ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እሑድ፣ የካ. ፫

ቤተ ክርስቲያን። ከሕዝቡ ጋር እግዚኦ አልኩ፤ ድምፄ ጥርት ያለ። አስካለ ዘወር ብላ አየችኝ። ባለቤቴ ብዙ አትናገርም። ቤት ስንገባ ግን ነገረችኝ፦ ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ከጎረቤት ጋር ስጫወት፣ ፍየሏን ስጣራ ድምፄ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠፋው ረቡዕና ዓርብ ነው። የችሎት ቀን። እንዲያው ገጥሞ ነው አልኳት። ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ሰኞ፣ የካ. ፬

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ግሪክ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ምላሴን በማንኪያ ተጭኖ አየ። ጉሮሮዬ ንጹሕ ነው። አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልሸጠልኝም፤ ሻጭ ሆኖ! መቼ መቼ እንደሚይዘኝ ጠየቀኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ስመለስ የአካባቢያችን ሹም የሆኑት የምስለኔው በቅሎ ግራር ሥር ታስራለች። ሰውየው የሉም፤ በቅሎዋ ብቻ። ጉሮሮዬ ጥብቅ አለ፣ እንደ ታነቀ ሰው። መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን አዳመጥኩ። በሽታ በቅሎ ያውቃል እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካ. ፭፤ ከቀኑ ፲ ሰዓት

እሺ፣ ደብተሬ። ልጻፈው።

ኦቦ ገመዳ መልካሳ አጠገብ መሬት አላቸው። ምስለኔው ከብት ሲያሰማሩበት ቆዩና የኔ ነው አሉ። ነገሩ ችሎት ከመቅረቡ በፊት እኔን አስጠሩኝ። አንዲት ቃል ብቻ ለውጥልኝ አሉኝ። እምቢ ብል ሥራዬ ለሌላ እንደሚሰጥ ፈገግ ብለው ነገሩኝ።

ችሎት ላይ ሽማግሌው «ኤርጊሴ» አሉ። አዋስኩት ማለታቸው ነው። እኔ «ሰጠሁት» ብዬ ተረጎምኩ። ሽማግሌው ጥቂት አማርኛ ይሰማሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልሰጠሁም፣ አስተካክል ብለው በኦሮምኛ ጮኹብኝ። ዳኛው ምን ይላል አሉኝ። ስለ እርጅናው ነው የሚያወራው አልኩ።

ድምፄ የጠፋው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ለአስካለ ነገርኳት። የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን መድኃኒት ትፈልጋለህ? ሂድና ተናገር እንጂ!»

እንጀራችንስ አልኳት።

«ኦሮምኛውን ያስተማረችህ እናትህ አይደለችም? በእሷ ቋንቋ ትዋሻለህ?» አለችና ምስሯን ቀጠለች።

ረቡዕ፣ የካ. ፮፤ ጧት ፩ ሰዓት

ቁርስ አልወረደልኝም። እሄዳለሁ።

ያው ቀን፤ ፰ ሰዓት

ተናገርኩ!

ሙግቱ ሳይጀመር ተነሣሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ። ዳኛው ፊታቸውን አጠቆሩ። ኦቦ ገመዳ ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም። እጄን ሆዴ ላይ ጫን አድርጌ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ።

«ጌታዬ፣ ቃላቸውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ሰጠሁ አላሉም። አዋስኩ ነው ያሉት።»

ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ ግን ወጣ። ደጅ የቆመው ሁሉ ሰማ። ለሽማግሌውም በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። አላመሰገኑኝም። ቃላቸውን ካጣመምኩበት ቀን ጀምሮ ልጆቻቸው መሬታችንን ለሰው ሰጠብን ብለው አኩርፈዋቸዋል። ሦስቱም። አንዱ ቤቱን ለቆ ሄዷል። ይህን ሲነግሩኝ ወዴት ልግባ?

ዳኛው ከሥራ አወጡኝ። ነገሩ በአገር ሽማግሎች ምስክርነት እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዙ። ምስለኔው በአጠገቤ ሲያልፉ ታያታለህ አሉኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ጉሮሮዬ ግን አልተዘጋም።

ረቡዕ፣ የካ. ፲፫

ሽማግሎቹ መሰከሩ፦ ከብት ማሰማሪያ ነበር፣ በውሰት። መሬቱ ለኦቦ ገመዳ ተፈረደ። የሰማሁት ከገበያተኛ ነው፤ እኔ ችሎት አልደርስም። ሥራ የለኝም። ምሳዬን ግን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ፍርሃቱ አለ። ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ይመጣል፣ ያልፋል። ጉሮሮዬን የያዘኝ ሌላ ነበር። ያ ፍርሃት አልነበረም፤ ውሸቴ ነው። ከእንግዲህ ሰውነቴ ሲናገር ማርና ዝንጅብል ፍለጋ አልሮጥም፤ ቁጭ ብዬ ምን ሠራሁ እላለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የኦቦ ገመዳ ልጆች እውነቱን ከኔ አፍ አልሰሙም። ነገ ጎሕ ሲቀድ በእግሬ መልካሳ እወርዳለሁ። አስካለ ብቻህን አትሄድም ብላለች። አባታችሁ አልሰጠም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ቤቱን ለቆ የሄደውንም ያለበት ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። ቢመቱኝም ሳልጨርስ አልመለስም።