ምላስህን አንሳ

ለጋሼ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ ትምህርቱም ጤናውም እንዴት ይዟቸዋል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለው? እማዬ «መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂልኝ፣ ሌላው ይደርሳል» ስላለችኝ ነው ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት። እኛንስ ብትለን፣ እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ትንሹ ወንድማችን ግን ሆስፒታል ከተኛ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ረስቼ አይደለም። በስልክማ ሁልጊዜ የምትናገረው አንተ ነህ። ሆድ ይፍጀው ልል ነበር፣ ሆዴ አልፈጀው አለ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብብ።

ከሁለት ወር በፊት ትከሻዬን አመመኝ ብሎህ ነበር። መሰላል ላይ ቆሞ ታፔላ ሲጽፍ የሚውል ሰው ትከሻውን ባያመው ነው የሚገርመው። አንተም ያንን ትልቅ ብልቃጥ ማስታገሻ በሰው እጅ ላክህ፤ «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» ብለህ። እኛም ከሩቅ የመጣ መድኃኒት ነው ብለን እንደ ጌጥ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠን፣ እንዳልከው በቀን ሦስቴ ሰጠነው። እንደ እሱ ለአእምሮ ሕመም ሊትየም የሚወስድ ሰው ያንን አብሮ መዋጥ እንደሌለበት ማን ነገረን? ማንንስ ጠየቅን? በዚያው ሰሞን የደም ምርመራው ቀን ደርሶ ነበር። ሳማክርህ «ልጁ ደህና አይደል እንዴ? ደም መቅዳት ምን ይሠራል? ዋናው ክኒኑን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ» አልከኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። መቼ ነው እሺ ያላልኩህ?

መጀመሪያ የተበላሸው ፊደሉ ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚስብ ሰፈርተኛው «አቶ መስመር» የሚለው ወንድማችን፣ የፀጉር ቤቱን ታፔላ ሲጽፍ ፊደሎቹ ተንጋደዱበት። ፀጉር አስተካካዩ «አቶ መስመር፣ ዛሬ ደግሞ ዳገት ሳልክልኝ?» ብሎ ሳቀበት። እኔም ሳቅኩ። በሳምንቱ ኩባያ መያዝ አቃተው፤ ሻዩ እጁ ላይ ይፈሳል። ከዚያ ተቅማጥና ትውከት ተከተለ። እማዬ ምግብ ነው አለች። እኔ አዋቂዋ ግን በሽታው ሊነሣበት ነው፣ ክኒኑን እየተፋ ነው አልኩ።

ከአራት ዓመት በፊት ክኒኑን ምላሱ ሥር እየደበቀ ሲተፋ ቆይቶ፣ ዘጠኝ ቀን ሳይተኛ የጎረቤቱን በር ሁሉ ቀይ ቀለም መቀባቱን አልረሳሁማ። ያኔ ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አፉን ይክፈት፣ ምላሱን ያንሣ፣ አይተሽ ነው የምትለቂው ብለህ። ይኸው አራት ዓመት ጠዋትና ማታ አይቻለሁ። አንድ ቀን አላጎደልኩም። እንደ እኔ ያለ ዘበኛ እስር ቤት እንኳ የለውም።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ በዝቶብኛል መሰለኝ፣ ሰውነቴ አልቻለውም» አለኝ። አፉ እየተሳሰረ ነው የነገረኝ። ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? «ሰበብ አታብዛ፣ ምላስህን አንሳ» አልኩት። ሲያስመልሰው ደግሞ ክኒኑ ወጥቷል ብዬ ሌላ ደገምኩለት። ወይ ነዶ! ምነው ይቺ እጄ በተቆረጠች! ትውከቱ በጀመረው በአራተኛው ቀን ከአልጋው ሲነሣ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ። እማዬ ልታነሣው ጎንበስ ስትል «አንቺ ማነሽ?» አላት።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች። ከአንድ ብዙም ማለፍ የሌለበት ሊትየም ከሦስት በላይ ሆኖ ተገኘ። ማስታገሻው ኩላሊቱ ሊትየሙን እንዳያስወጣ አግዶት፣ ተቅማጡና ትውከቱ ውሃውን አሟጦት፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሟል አለችኝ። ሁለት ጊዜ በማሽን ደሙን አጠቡለት። እጁ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ ብታመጡት ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። አሁንማ ሁሉን ተምሬያለሁ። ደሙ በቀጠሮው ቀን፣ የጠዋቱን ክኒን ሳይውጥ ይቀዳል፤ ኩላሊቱም ይታያል። ውሃ አይጎድልበትም፣ ጨውም በድንገት አይከለከልም። ሐኪም ሳይጠየቅ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አይጨመርለትም። ካስመለሰው ወይም ካንቀጠቀጠው ክኒኑን ሳይውጥ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል፤ በል፣ እውነትህን ነው።

ነፍሱ ተርፋለች። ሰውም መለየት ጀምሯል። እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሐኪሟ ሊሻለው ይችላል፣ ላይሻለውም ይችላል ነው ያለችኝ። ሊትየሙም ለጊዜው ቆሟል፤ በምን እንደሚተካ ገና እየመከሩ ነው። በአንተ ተናድጃለሁ ጋሼ፣ አልዋሽህም። ሩቅ ሆኖ ማዘዝ ለማንም አያቅትም። በራሴ ግን የባሰ ነው የተናደድኩት፤ አራት ዓመት ሙሉ ምላሱን ሳይ እጁን አላየሁም። ከእንግዲህ ክኒንም ምክርም አትላክልን። መምጣት ከቻልክ ራስህ ና።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። እማዬ «በሄድክበት ሁሉ ይቅናህ» ብላሃለች፤ ምን እንደጻፍኩልህ አላነበብኩላትም።

ከታች ያለውን ጭረት የልጆች እንዳይመስልህ። «እኔም ሰላም ልበለው» ብሎ እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ የጻፈው አቶ መስመር ነው። ማንበብ ካቃተህ፣ «ጋሼ፣ ትከሻዬን ተሽሎኛል፣ አመሰግናለሁ» ነው የሚለው።

እህትህ

ከሆስፒታሉ፣ አልጋ ቁጥር ስድስት አጠገብ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን